ጎረቤታችን ጅቡቲ

ቢዮ አዋሌና በአካባቢዋ ያላችሁ አድማጮች፤ ይህንንም ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ! በዛሬው ንግግራችን ከአፍሪካ ትናንሽ አገሮች አንዷን፣ ጎረቤታችንን ጅቡቲን እናስተዋውቃችኋለን።

«ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጅቡቲን የቸገራት ይኸው ቢዮ ነው። ባሕር አላት፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ግን የላትም። ዝናቧ ጥቂት ስለሆነ አርሶ መብላት እጅግ ያዳግታል። ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሶማሌና አፋር ነው። የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ቆይታ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅም በእርሷ ምድር ነው። በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። የአፋር ነጋዴዎች ከሐይቁ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ያመጡ ነበር።

ታዲያ ጅቡቲ በምን ትኖራለች? በተቀመጠችበት ቦታ! ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኙበት በር አጠገብ ናት። ከወደቧ ገቢ ታገኛለች፤ ለፈረንሳይ፣ ለአሜሪካ፣ ለቻይናና ለሌሎችም የጦር ሠፈር አከራይታለች። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ለሁሉም አይዳረስም፤ ሥራ ያጣው ወጣት ብዙ ነው።

ከእኛስ ጋር ምን ያገናኛታል? ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ አሰብ ስለተዘጋብን፣ ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ እንኳ በዚያው ያልፋል። ጅቡቲም በበኩሏ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ከእኛ ትገዛለች፤ ከሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ይሄድላታል፤ አትክልትና ጫትም ከዚሁ ከምሥራቅ ይጫንላታል።

እንግዲህ አያችሁ፣ እኛ ወደብ የለንም፤ እርሷ ውሃ የላትም። ወደቡ ቢታወክ የእኛ ገበሬ ማዳበሪያው ይዘገይበታል፤ ቧንቧው ቢቋረጥ የጅቡቲ እናት እንስራዋ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ለሌላው መቸገር ደንታ ቢስ ሊሆን አይችልም።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ጅቡቲ መቼ ነፃ ወጣች?
2. በቤታችሁ ካለው ዕቃ በጅቡቲ በኩል የመጣው የትኛው ይመስላችኋል? ጽሑፉን አንብባችሁ ከየት አገር እንደተጫነ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ደህና ሁኑ!