ወላዷ ምጥ ሳይጀምራት ከሆስፒታል ብትደርስ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመቂ ከተማ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ አልምቶ ለገበያ በማቅረብ የታወቀ ነው። ምርቱ በሰዓቱ ካልተጫነ ኪሳራ እንደሚያስከትል በሚገባ ያውቃል። በወላድ እናት ላይ የሚደርሰው መዘግየት ግን በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

ከወሊድ በኋላ ደም በኃይል የሚፈሳት እናት ርዳታ ካላገኘች በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች መዘግየቱን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ቤተሰብ «እንሂድ፣ አንሂድ» እያለ የሚያጠፋው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚያልፈው ነው። ሦስተኛው ከሕክምናው ቦታ ከተደረሰ በኋላ ካርድ፣ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት በመጠበቅ የሚባክነው ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ችሎታ ብቻውን በሽተኛን አያድንም፤ አሠራሩም መቃናት አለበት።

ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል

በአገሪቱ በወጣው ደረጃ መሠረት በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የዚሁ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነው። ጤና ጣቢያ ደኅና ምጥ ያላትን እናት ያዋልዳል። በቀዶ ሕክምና መውለድ የሚያስፈልጋትን ግን ወደ ሆስፒታል ያስተላልፋል። የማስተላለፊያው ወረቀት ካልተሟላ፣ ወይም ሆስፒታሉ አስቀድሞ በስልክ ካልተነገረው፣ ምርመራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የአጣጥ ሆስፒታል ልምድ

በጉራጌ፣ በወልቂጤ አካባቢ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለገው ቀደም ብሎ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 አስጊ ሁኔታ ያለባቸው እርጉዞች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ መጥተው የሚሰነብቱበት ማቆያ በግቢው አቋቋመ። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት 6,805 እናቶች መካከል የሞተው ቁጥር ከመቶ ሺህ 90 ያህል ሆኖ ተገኘ። በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከመቶ ሺህ 1,333 ነበር። ሞቶ የሚወለደው ሕፃን ደግሞ በማቆያው ከሺህ 18 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ ከሺህ 191 ደርሷል።

ሁለቱም ወገኖች የታከሙት በአንድ ሆስፒታል ነው። በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ምጥ ጠንቶባቸው፣ ዘግይተው የደረሱ ይገኙባቸዋል።

ከማኅበሩ መሪዎች የሚጠበቀው

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ። ሆኖም ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም የደም ግፊት ያለባት እናት የምትቆይበት ቦታ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥበት ሆስፒታል አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየቀበሌው ያሉትን እርጉዞች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መዝግቦ መያዝ፣ የአምቡላንሱን ስልክ ማሳወቅ፣ መኪና ከማይገባበት ሰፈር እስከ መንገድ የሚያደርስ ቃሬዛና ተሸካሚ ማዘጋጀት ይችላሉ። ለማቆያው የገንፎ እህልና ማገዶ ማዋጣት፣ እናቲቱ ስትሄድ ልጆቿንና ከብቶቿን የሚጠብቅ ጎረቤት መመደብም ከአቅም በላይ አይደለም። ብዙ እናቶች ወደ ማቆያ እንዳይሄዱ የሚያግዳቸው ቤታቸውን የሚያዩላቸው ሰው ማጣት ነውና።