ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «አያት ልግዛ ወይስ ሰሚት? ኮንዶሚኒየም ይሻላል ወይስ ግቢ ያለው?» ሰፈሩን እንደ ኪሳችሁና እንደ ሥራ ቦታችሁ ምረጡ፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ሴራሚክና የወጥ ቤት ካቢኔት ሲመረምር ይውልና ካርታውን ደላላው በስልኩ ካነሳው ፎቶ ላይ አይቶ ያልፋል።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የምትገዙት ግንቡንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ስለዚህ ቤቱን ወደዳችሁት ማለት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ስንት ነው? ባንክ በመያዣ ይዞታል? ፍርድ ቤት አግዶታል? ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ማኅደሩ እንጂ በእጃችሁ ያለው ኮፒ አይደለም። ሻጩን ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አስጣሩ። ቦታው በልማት ይነካ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ፤ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ለሚላችሁ ሰው «ሂደቱ ሲያልቅ ደውልልኝ» በሉት። የጨረቃ ቤት በርካሽ የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ የሚፈርመው ማን ነው? ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ስላለ ሚስት አያገባትም የሚል ደላላ አጋጥሞኛል። ውሸት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው፤ የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ያልፈረመው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ሻጩ አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ፤ «ታናሽየው አረብ አገር ነው፣ ችግር የለውም» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ፍርድ ቤት አመላልሳለች።

ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ። ወንድሜ ገርጂ አንድ ቤት ወዶ ነበር። ሻጩ አሜሪካ ላለች እህቱ ወኪል ነኝ አለ፤ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወረቀቱም ማኅተም አለበት። አንብበን ስናየው ግን የተሰጠው ቤቱን እንዲያስተዳድርና እንዲያከራይ ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ (ቁጥር 2205) የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ቢጻፍበት እንኳ ውክልናው እንዳልተሻረ አረጋግጡ፤ ወካዩ ከሞተ ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮት ያከትማል። ከቤቱ ባለቤት ጋር በቪዲዮ ማውራት ምን ይከብዳል? እምቢ ካሉ መልሱን አግኝታችኋል።

ስለ ቀብድ ደላሎች የሚሉትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ዛሬ አስይዙ!» በሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን የሚተው ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ የሚተው ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉ ወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ ገንዘቡን በልቶ የጨረሰ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላችኋል? ስለዚህ ቀብዱን አሳንሱ፣ በባንክ ክፈሉ፣ «ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ዋናውን ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ፈርሙ፤ የካፌ ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ የመንደር ውል ላይ አትተማመኑ። ከተቻለም የመጨረሻውን ክፍያ ስሙ እስኪዛወር ያዙት።

ሌላው ልማድ ደግሞ ታክስ ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋውን ማሳነስ ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስ እንዲመለስላችሁ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። እኔ አላደርገውም። ይልቅ የቴምብር ቀረጡን (የዋጋው 2 በመቶ)፣ የስም ማዛወሪያውንና የደላላውን ኮሚሽን ከመጀመሪያው በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ያለ የሌለ ገንዘቡን ለሻጩ አስረክቦ ለስም ማዛወሪያ የሚበደር ገዢ ብዙ ነው።

የኮንዶሚኒየም ገዢዎች ሁለት ነገር ጨምሩ። 20/80 ዕጣ የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ሳይሞላው በውክልናና በመንደር ውል የሚሸጥላችሁ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የምትይዙት የላችሁም። የባንክ ዕዳውም መዘጋቱን ከባንኩ በደብዳቤ አረጋግጡ። ሌላው፣ ለጥበቃውና ለጎረቤት ሰላምታ ስጡና ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል ወይ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶ ማስቀመጫስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደላላው ይህን አይነግራችሁም።

ካርታውን ይዞ አብሯችሁ ክፍለ ከተማ ለመሄድ ሰበብ የሚደረድር ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ያንን ቤት ተዉት።