ድንጋይ የመወርወር ችሎታ ከዕድሜ ጋር ስለ መለወጡ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ የገብሱ እሸት ሲደርስ ከወፍና ከጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ መሣሪያውም እጁና ወንጭፉ ነው። ልጅ ሁሉ ግን እኩል አይወረውርም፤ ልዩነቱም የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም።

የሦስት ዓመት ሕፃን ፊቱን ወደ ዒላማው አዙሮ፣ እግሩን ሳያነቃንቅ፣ በክርኑ ብቻ ይገፋል። ጥቂት ከፍ ሲል መራመድ ይጀምራል፤ ነገር ግን የሚያስቀድመው በሚወረውርበት እጅ በኩል ያለውን እግር ስለ ሆነ ወገቡ እንደ ልብ አይዞርም። ሞኒካ ዋይልድ የተባሉ አሜሪካዊት በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን ቅደም ተከተል ገልጸውታል። የበሰለው ወርዋሪ ተቃራኒውን እግር ያስቀድማል፤ ከዚያም መጀመሪያ ወገቡ፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ በመጨረሻ ክንዱ በተራ ይዞራሉ፤ እጁም እንደ ቡሄ ጅራፍ ጫፍ ይፈጥናል። ወንጭፍ ይህንኑ ክንድ ማስረዘሚያ ነው። ስለዚህ የአካሉ ተራ ያልተስተካከለለት ልጅ የወንጭፉን ጫፍ ያለ ጊዜው ይለቅና ድንጋዩ ወደ ጓደኛው ይሄዳል።

በቤዝቦል ጨዋታም ነገሩ ይኸው ነው። በሜዳው ውስጠኛ ክፍል የሚቆም የሠለጠነ ተጫዋች፣ ሯጩ ስለማይጠብቀው፣ እርምጃውን ያሳጥራል እንጂ ተራውን አያፋልስም።

ይሁን እንጂ በልጅነት የትከሻና የክርን አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ገና ለስላሳ ስለ ሆነ ውርወራ ሲደጋገም ይጎዳዋል። በአሜሪካ ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ቤዝቦል ማኅበር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋና ኳስ ወርዋሪውን ውርወራ በቁጥር ወስኗል፤ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 75 ነው። የእኛ እሸት ጠባቂ ግን ከንጋት እስከ ማታ ይወረውራል፤ የሚቆጥርለትም የለም።