ቮልስ የሚገዛ ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ ይጠይቅ

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ገበያ ቮልስ ዛሬም ፈላጊ አላት። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑ፣ ለገበያ የሚቀርበው ሁሉ ያገለገለ ነው። ገዢ ከሥሯ የዘይት ጠብታ ሲያይ «ቮልስ መቼም ያፈሳል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ጥያቄው ግን ከየት ነው የሚያፈሰው ነው።

ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዙት አየርና ዘይት ናቸው። የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ቶሎ ይጎዳዋል።

ስለዚህ ሞተሩን አሳጥበው፣ ጥቂት ነድተው፣ ከሥር ይመልከቱ። ዘይቱ በግራና በቀኝ ካሉት የቴስታታ ክዳኖች ከወጣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ክዳኑን የያዘው አንድ የሽቦ ማያያዣ በመሆኑ ጓርኒሲዮኑ በደቂቃዎች ይቀየራል። ከሲሊንደሮቹ ሥር ካሉት 8 ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፍ ከሆነ፣ በፋብሪካው ዓይነት ቱቦ ለመተካት ቴስታታው መፈታት አለበት። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ከተንጠባጠበ ደግሞ ሞተሩ ይወርዳል።

የመጨረሻው ከሆነ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፍተው ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ ይግፉት፣ ይሳቡት። የጤነኛው እንቅስቃሴ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። ቋ ቋ ካለ ግን ዋናው ዘንግ ላልቷል፤ የዘይት ማገጃውን ላስቲክ መቀየር ብቻ አያድነውም። እንግዲህ ከዋጋው ላይ የሚያስቀንሱት የላስቲክ ሳይሆን የሞተር ሂሳብ ነው።