የመስኮታችን የውጭ ገጽ

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለው የአበው ብሂል የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። የመስኮቶቻችን ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። በውስጥ በኩል መጋረጃው ታጥቦ፣ መስተዋቱ ተወልውሎ ያምራል፤ በውጭ በኩል ያለው የዚያው መስተዋት ገጽ ግን አቧራ ለብሶ፣ ዝናብ ቦይ ሠርቶበት፣ ሸረሪት አድርታበት ይገኛል። የውስጡ ገጽ ዘወትር ከዐይናችን ፊት ነው። የውጩ ግን ለፀሐይና ለነፋስ፣ ለዝናብና ለወፍ የተተወ ነው።

ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የመስኮትን የውጭ ገጽ ከወጥ ቤት በማይጠፉ ነገሮች አዘጋጅቶ ስለማጽዳት ለእኅቶቻችንና ለወታደር ወንድሞቻችን ጥቂት ምክር እናቀርባለን። ጉዳዩን እንደ ትንሽ ነገር የሚቆጥረው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የጦር ሠፈር ኑሮን የሚያውቅ ሁሉ የመስኮትን ዋጋ ያውቃል። አባት ግዳጅ ላይ በሚሆንበት ወራት እናት የተቀደደ ልብስ የምትጥፈው፣ ልጆችም ትምህርታቸውን የሚያጠኑት በመስኮት በሚገባው ብርሃን ነው። አቧራ የለበሰ መስተዋት ከዚህ ብርሃን ከፊሉን ያስቀራል። ከዚህም በላይ መስተዋት ለማጽዳት ተብሎ ባለማወቅ የሚደባለቅ ነገር ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ አንባቢዎቻችን ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት አደራ እንላለን።

አቧራና ኖራ

የጦር ትምህርት የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከማጥቃት በፊት የጠላትን ማንነት መለየት ይቀድማል። የውጭ መስተዋት ዋነኛ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አቧራው፣ ሁለተኛው ራሱ ውሃው ነው።

አቧራ ለስላሳ መስሎ ቢታይም በውስጡ ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣት አለበት። በአሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን፣ የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ 7 ሲሆን፣ የመስኮት መስተዋት ግን 5.5 ገደማ ነው። ጠንካራው ደካማውን ስለሚጭር፣ የውጭ መስተዋትን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሰው በአሸዋ እያሸው ነው ማለት ይቻላል። ጭረቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ከጊዜ በኋላ ግን የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ይገለጣል። ወታደር ወንድሞቻችን ይህን ከጦር ሜዳ መነጽር አያያዝ ያውቁታል። የመነጽሩ መስተዋት ከመወልወሉ በፊት አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ለመነጽር የሚደረገው ጥንቃቄ ለመስኮትም ይገባል።

ሁለተኛውን ጠላት ለመረዳት ድሬዳዋን በምሳሌነት እንውሰድ። ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ በሚገኝበት አካባቢ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ውሃው በከርሰ ምድር በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም የተባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ተጋግሮ የሚገኘው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምስክር ነው። በመቀሌ የኖሩ ቤተሰቦችም ይህን ቅርፊት ያውቁታል። መስተዋት በእንዲህ ያለ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ እንዲደርቅ ሲተው፣ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ኖራው ግን በቦታው ይቀራል። በመስኮት ላይ የምናየው ነጭ ጠቃጠቆ ይኸው ነው። እንግዲህ ብዙ ውሃ መድፋት ብቻውን መስኮትን እንደማያጸዳ፣ እንዲያውም አዲስ እድፍ እንደሚያመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስቱ ዕቃዎችና የሚያዙት ነገር

ለሥራው ሦስት ዕቃዎች ይዘጋጃሉ። በየዕቃው ያለው ለየራሱ ተግባር ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ ማደባለቅ አያስፈልግም።

አንደኛው ማጠቢያው ነው። በ5 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል። ይህ ቅባትንና ጢስን፣ እንዲሁም የአቧራን ጭቃ ያስለቅቃል። ሳሙና በበዛ ቁጥር ንጽሕና አይበዛም፤ ትርፉ በመስተዋቱ ላይ እንደ ጉም ሆኖ ይቀራል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ግን ኖራ በበዛበት ውሃ ውስጥ ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ የተቋጠረ ወተት የሚመስል ዝቃጭ ስለሚሠራ ለመስኮት አይመረጥም።

ሁለተኛው የጠቃጠቆው ማስለቀቂያ ነው። አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ስሙን ከጣልያንኛ የወረስነው አቼቶ፣ ለምግብ የሚሸጠው ዐይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ ያህል አሲድ አለበት። ይህ አሲድ ኖራን ያሟሟል። ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በማንቆርቆሪያው ቅርፊት ላይ ጥቂት ጠብ ቢያደርግ ትንንሽ አረፋ ሲወጣ ያያል። አቼቶ ያልተገኘ እንደ ሆነ የሎሚ ጭማቂ በጨርቅ ተጠልሎ ሊተካው ይችላል፤ ነገር ግን እንዳያጣብቅ በኋላ በሚገባ መለቅለቅ አለበት። አንዳንዶች አቼቶን ከቢካርቦኔት ጋር ደባልቀው ብዙ አረፋ ሲገነፍል ኃይለኛ መድኃኒት ያገኙ ይመስላቸዋል። አረፋው ግን አሲዱና ቢካርቦኔቱ እርስ በርስ መጠፋፋታቸውን የሚያሳይ ነው፤ የሚቀረውም ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማለቅለቂያው ነው። 2 ሊትር ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ነጩ ነገር ወደ ታች ሲዘቅጥ ላይኛው ውሃ ብቻ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ውሃ ሲፈላ ከካልሲየሙ ከፊሉ ተለይቶ ስለሚወጣ፣ እንዲህ ያለው ውሃ በመስተዋት ላይ የሚተወው ጠቃጠቆ ያነሰ ነው። ጣራው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ የክረምት ውሃ ያጠራቀመ ቤተሰብ ግን ማገዶ ማባከን አያስፈልገውም፤ የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም ለማለት ይቻላልና።

የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሰዓት ይመረጣል። ፀሐይ ያረፈበት መስተዋት ውህዱን ሳይወለወል ስለሚያደርቀው እድፉን መልሶ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚያዩት መስኮቶች ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩት ጧት ይታጠባሉ።

ቀጥሎ የሸረሪቱ ድርና በመስኮቱ ክፈፍ ላይ የተከማቸው አፈር በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይራገፋል። መስተዋቱ ግን ገና በጨርቅ አይነካም። መጀመሪያ ውሃ ይረጭበትና አቧራው ርሶ እንዲወርድ ይደረጋል። ከዚያ በሳሙናው ውሃ የተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ጀምሮ ሳይጫኑ ይታጠባል። ጨርቁ የያዘውን አሸዋ መልሶ መስተዋቱ ላይ እንዳያሽ፣ በሌላ ባልዲ ውሃ ቶሎ ቶሎ መታለብ አለበት። የደረቀ የወፍ ኩስ ሲያጋጥም መፋቅ ሳይሆን እርጥብ ጨርቅ ለጥፎ እስኪርስ መጠበቅ ይበጃል። ምላጭና የብረት ሽቦ ለመስተዋት አይመከሩም።

ሳሙናው በውሃ ከተለቀለቀ በኋላ ነጭ ጠቃጠቆ የቀረ እንደ ሆነ፣ በአቼቶው ውህድ የተነከረ ጨርቅ በላዩ ተለጥፎ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ካልለቀቀ ሥራው ይደገማል። ለብዙ ዓመታት ተቃጥሎ መስተዋቱን የበላ ጠቃጠቆ ግን በዚህ ዘዴ አይለቅም። አቼቶው ቀለሙ በተላጠ የብረት ክፈፍ፣ ገና ባልደረቀ ስቱኮ፣ በእብነ በረድም ሆነ በኖራ ድንጋይ ደፍ ላይ እንዳይቆይ ጥንቃቄ ይደረግ። ጠቃጠቆውን የሚያሟሟው አሲድ እብነ በረዱንም ይበላልና።

በመጨረሻም ፈልቶ በጠለለው ውሃ ይለቀለቅና ወዲያውኑ ይደርቃል። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው በጨርቅ ከተነሣ ኖራውም አብሮ ይነሣል፤ ለፀሐይ ከተተወ ግን ኖራው ይቀራል። ለማድረቅ ከጥጥ የተሠራ ንጹሕ አሮጌ ከነቴራ ይበቃል። የተጨማደደ ጋዜጣም ውሃ ስለሚመጥ ያገለግላል፤ ይሁንና ቀለሙ ነጭ ክፈፍ እንዳያበላሽ መጠንቀቅ ነው። ይህችኑ ጋዜጣችንን ለዚህ ተግባር የሚያውላት ቤተሰብ ቢኖር አንከፋም፤ በቅድሚያ ትነበብልን ብቻ!

አንድ ጠቃሚ ዘዴ እንጨምር። ውስጡን ወደ ጎን፣ ውጩን ከላይ ወደ ታች መወልወል ልማድ ይሁን። መስመር የቀረ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ገጽ እንደቀረ አቅጣጫው ራሱ ይናገራል።

በረኪናና አቼቶ አይገናኙ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ እንመጣለን። አቼቶ ያጸዳል፣ በረኪናም ያነጻል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ቢሆኑ ይበልጥ ይሠራሉ ብሎ ማሰብ እጅግ አደገኛ ነው። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማናቸውም ሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የጀርመን ጦር በቤልጂግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ በፈረንሳይ ወገን ምሽጎች ላይ በነፋስ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነበር። መጠኑ ይለያይ እንጂ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ባልዲ ውስጥ የሚፈጠረውም ያው ነው። ከሱቅ የሚገዙ አንዳንድ የመስተዋት ማጽጃዎች ደግሞ አሞኒያ አለባቸው፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲደባለቅ ሌላ ዐይነት መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ነገር ጋር አይደባለቅ። ለመስኮት ጽዳት ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልግም።

ይህ አደጋ ደርሶ ዐይን የሚያቃጥል፣ የሚያስል፣ ደረት የሚያፍን ሽታ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ባልዲውን ለመድፋት ጊዜ ሳይጠፋ ልጆችን ይዞ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይገባል። ሳሉ ለጊዜው ቢተውም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊበረታ ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

በረኪናን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥም ሌላው የቤት ጠንቅ ነው። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይለይም። ልጅ የጠጣ እንደ ሆነ እንዲያስታውክ አይገደድ፤ የወጣው መርዝ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱንም ይዞ ወደ ሕክምና ማድረስ ይሻላል።

ከፍ ያለው መስኮት የማን ድርሻ ነው?

በደፍ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ክፈፉን ይዞ፣ በሌላው መወልወል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። የመስተዋት ንጽሕና ግን የአጥንት ስብራት ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። በፎቅ ለሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን መስኮት በወለል ላይ ቆሞ ማጠብ፣ የማይከፈተውንም በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ጠምጥሞ ከውስጥ ሆኖ የሚደረስበትን ያህል ብቻ ማጽዳት ይበቃል። በምድር ቤትም ቢሆን መሰላል የሚደገፈው በጠንካራ መሬት ላይ ሲሆን፣ ከሥር የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። የተሰነጠቀ መስተዋት ደግሞ ከመታጠቡ በፊት ይለወጥ።

በዚህ ላይ ወታደር ወንድሞቻችንን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። የጦር መሣሪያውን አጽድቶ ለፍተሻ የሚያቀርብ ሰው የቤቱን መስኮት ማጠብ የሚያሳፍረው አይደለም። በፈቃድ የመጣ ባል መሰላሉን ይያዝ፤ ከፍ ያለውን የውጭ ገጽ እርሱ ይጠብ፤ ወደ ግዳጁ ከመመለሱም በፊት የላላውን የመስኮት ማጠፊያ ያጥብቅ። ባልዋ በሌለበት ወራት ይህን ሁሉ ብቻዋን ለምትሸከም እኅትም ጎረቤት መሰላል ሊይዝላት ይገባል። ሁለት ቤቶች ተባብረው በአንድ ቀን መስኮታቸውን ቢያጥቡ፣ ውሃው ይቆጠባል፤ ሥራውም በጨዋታ ያልቃል።

ሥራው ተደጋጋሚ እንዳይሆን ጊዜውን ማወቅ ይጠቅማል። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በበጋው መካከል አቧራው ሲበረታ ሌላ ጊዜ በሚገባ የታጠበ መስኮት፣ በቀረው ወራት ውሃ እየተረጨበት በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስና ወዲያው ሲደርቅ ይበቃዋል። የተረፈው የሳሙና ውሃ ለደጃፍ ማጠቢያ ይዋል። አቼቶውም ስሙ በግልጽ ተጽፎበት፣ ከበረኪናው ርቆ፣ የልጆች እጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።