የፖሊስ ቆመጥ ገዳይ የማይሆነው መቼ ነው?

የለንደን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሲቋቋም አባላቱ ወደ ጎዳና የወጡት ጠመንጃ ሳይሆን አጭር የእንጨት ቆመጥ ይዘው ነበር። ዛሬም ቆመጥ ከአስለቃሽ ጭስ እና ከጎማ ጥይት ጋር ገዳይነታቸው አነስተኛ ነው ከሚባሉት የጸጥታ ማስከበሪያ መሣሪያዎች ይመደባል። አነስተኛ ማለት ግን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1928 በላሆር ከተማ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ በመቃወም ሰልፍ የመሩት ላላ ላጅፓት ራይ፣ ፖሊስ “ላቲ” በሚባለው ረጅም የቀርከሃ ዱላ ከደበደባቸው ከ18 ቀናት በኋላ ሕይወታቸው አልፏል። ብዙ የአገራቸው ሰዎችም ሞታቸውን ከድብደባው ጋር አያይዘውታል።

የአንድ ምት ጉልበት በዱላው ክብደት ብቻ አይለካም። ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱም በእጥፍ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀላል ቆመጥ በፍጥነት ከተወረወረ ከከባዱ ያልተናነሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ቀጭን የብረት ጫፍ ደግሞ ያን ሁሉ ጉልበት በጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። በጭን ላይ ያረፈ ምት ወፍራሙን ጡንቻ አሳምሞ እግርን ለጊዜው ያዝላል፤ ያው ምት ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ የራስ ቅልን ሊሰነጥቅ፣ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ስለ ጥንካሬው ከሆነ፣ እንጨት ለሚያውቅ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቃጫው ቀጥ ያለ፣ በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ እንጨት ዕድሜው ይረዝማል፤ አንጓ ያለበት ወይም ነቀዝ የገባው ግን በድንገት ተሰብሮ እንደ ጦር የሾለ ስንጣሪ ይተዋል። ይህም ለያዘውም ለሚመታውም አደጋ ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ውኃ አይገባውም፣ አይነቅዝም፤ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታው ግን ሊደክም ይችላል። ተጣጥፎ ወገብ ላይ የሚታሰረው የብረት ቆመጥ ለመያዝ ምቹ ቢሆንም አቧራና ዝገት መገጣጠሚያውን ያውኩታል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በጫፉ በኃይል ሲገፋበት መልሶ ይታጠፋል።

ይሁን እንጂ የማይሰበር ቆመጥ ማግኘት የችግሩ ቀላል ክፍል ነው። ቆመጥ የሚሠራው በሕመም ነው። በስካር ወይም በከባድ ቁጣ ውስጥ ያለ ሰው ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል አይታዘዝም፤ ፖሊሱም ምቱን ይደጋግማል፤ ጉዳቱም ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1991 በሎስ አንጀለስ ሮድኒ ኪንግ በብረት ቆመጥ በተደጋጋሚ ሲደበደብ የሚያሳየው የቪዲዮ ምስል ዓለምን አስደንግጧል። በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት በፖሊሶቹ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሳያሳልፍ በመቅረቱ በተነሣው ሁከት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቆመጡ በዚያች ሌሊት አልተሰበረም፤ በመሣሪያ ጥራት ብቻ ከተመዘነ ፈተናውን ያለፈ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ የሚያተኩረውም በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ምቱ ጥቃት በሚያደርስ ሰው እጅና እግር ላይ እንዲወሰን፣ ጭንቅላት፣ አንገት፣ አከርካሪ፣ ኩላሊትና ሆድ እንዲጠበቁ ያሳስባል። እሾህ የተተከለበትን ቆመጥ ደግሞ ጨርሶ ይከለክላል። በኢትዮጵያም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ጭካኔ ከተሞላበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ አያያዝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል።

በቆመጥም ይሁን በሌላ ዱላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደም ባይታይበትም፣ ተነሥቶ ቢራመድም ደኅና ነው ብሎ መተው አይገባም። የውስጥ መድማት ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የሚያስታውከው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ የሚያንቀላፋ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ወይም አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው የሰፋበት ሰው እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።