ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ፦ ከሊበሬትስ እስከ ብሬመን

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ ብሔራዊ ቡድንና ለጀርመኑ ቬርደር ብሬመን በቀኝ መስመር ተመላላሽነት የተጫወተ ተከላካይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1986 በያኔዋ ቼኮስሎቫኪያ፣ ትሬቢች በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ደግሞ የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የተመላላሽነት ሥራ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የመሐል ተከላካይ አጥቂውን ይዞ ከግብ ክልሉ ብዙም ሳይርቅ ሊውል ይችላል፤ ተመላላሹ ግን ቡድኑ ሲያጠቃ በመስመሩ ወጥቶ ኳስ ያሻማል፣ ኳሱ ሲነጠቅ ደግሞ ያንኑ ርቀት እየሮጠ ይመለሳል። በእርሱ በኩል የሚመጣው ተጋጣሚ አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ቡድን ፈጣኑ የክንፍ ተጫዋች ነው። ሲሳካለት ምስጋናው ለጎል አስቆጣሪው ይሄዳል፤ ሲሳሳት ግን የሚታየው እርሱ ነው። ገብረ ሥላሴን በዚህ ቦታ ያቆየው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። የአየር ላይ ኳስ ጎበዝ በመሆኑ ከሌላው መስመር የሚሻማውን ኳስ ከኋላ ደርሶ በግንባሩ መግጨት ይችል ነበር፤ ይህ ደግሞ በተመላላሾች ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጅማሬው ፈጣን አልነበረም። በቬልኬ ሜዚርዢቺ ትንሽ ክለብ ኳስ ከተማረ በኋላ በይህላቫ ተጫወተ፤ በ2007 የዋና ከተማው ትልቅ ክለብ ስላቪያ ፕራግ ወሰደው። እዚያ ግን ቋሚ ተሰላፊ መሆን አልቻለም፤ ወደ ስሎቫን ሊበሬትስም ተሻገረ። በትልቅ ክለብ ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመታት ከማሳለፍ በመካከለኛ ክለብ በየሳምንቱ መጫወት ለወጣት ተከላካይ የተሻለ ምርጫ መሆኑን የሊበሬትስ ዘመኑ አሳይቷል። በ2011/12 ሊበሬትስ በአሰልጣኝ ያሮስላቭ ሺልሃቪ እየተመራ የአገሪቱን ሊግ በታሪኩ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ዋንጫው የተወሰነው በመጨረሻው ቀን፣ ከተፎካካሪው ቪክቶሪያ ፕልዘን ጋር 0 ለ 0 በተጠናቀቀ ጨዋታ ነበር። ለተከላካዮች ከዚህ የሚስማማ የዋንጫ ቀን መቼም አይገኝም።

ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁን 2011 ጃፓን ውስጥ ከፔሩ ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። የቼክ ሪፐብሊክን መለያ የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም ሆነ። በ2012 ፖላንድና ዩክሬን ባዘጋጁት የአውሮፓ ዋንጫ አሰልጣኝ ሚካል ቢሌክ የቀኝ መስመሩን ሰጡት። የመጀመሪያው ጨዋታ ቭሮትስዋፍ ላይ ከሩሲያ ጋር ሆኖ 4 ለ 1 ተሸነፉ። በዚያ ምሽት ከሽንፈቱ ይልቅ ብዙ ያነጋገረው ከሩሲያ ደጋፊዎች መካከል በገብረ ሥላሴ ላይ የተሰማው የዘረኝነት ስድብ ነበር፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ጉዳዩን መረመረ።

ከአራት ቀን በኋላ ከግሪክ ጋር ሲጫወቱ ግን ገና በ6ኛው ደቂቃ ከቀኝ መስመር ያሻማው ኳስ ለቫችላቭ ፒላርሽ ጎል ሆነ፤ ቡድኑም 2 ለ 1 አሸነፈ። ቀጥሎ አዘጋጇን ፖላንድን 1 ለ 0 ረትተው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። በሩብ ፍጻሜው በክርስቲያኖ ሮናልዶ የ79ኛ ደቂቃ ጎል በፖርቱጋል ተሸንፈው ተመለሱ።

ያ ውድድር ለገብረ ሥላሴ የጀርመንን በር ከፈተለት። በ2012 ክረምት ቬርደር ብሬመን አስፈረመው። በጀርመን ከፍተኛ ሊግ በቡንደስሊጋው የመጀመሪያ ጨዋታው ከሻምፒዮኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ጋር በዶርትሙንድ ሜዳ ተገናኝቶ አቻ የምታደርግ ጎል አስቆጠረ፤ ዶርትሙንድ ግን 2 ለ 1 አሸነፈ። በብሬመን ለዘጠኝ ዓመት ቆየ። አሰልጣኞች ቶማስ ሻፍ፣ ሮቢን ዱት፣ ቪክቶር ስክሪፕኒክ፣ አሌክሳንደር ኑሪና ፍሎሪያን ኮፌልት ተፈራረቁ፤ የአጨዋወቱ ስልትም አብሮ ተቀያየረ። በዚህ ሁሉ መካከል ከ200 በላይ የቡንደስሊጋ ጨዋታዎችን ያደረገ ተከላካይ መሆኑ ከማንኛውም ዋንጫ በላይ ስለ እርሱ ይናገራል።

እነዚያ ዓመታት ግን ለክለቡ የድሎት ዘመን አልነበሩም። ቀድሞ ለሊጉ ዋንጫ ይፎካከር የነበረው ብሬመን ላለመውረድ መታገልን ለመደ። በ2020 ከሁለተኛው ሊጉ ሃይደንሃይም ጋር በደርሶ መልስ ጨዋታ 0 ለ 0 እና 2 ለ 2 ተለያይቶ፣ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠረው ጎል ብልጫ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት ግን 17ኛ ሆኖ ወረደ። ገብረ ሥላሴም በዚያው ክረምት ክለቡን ለቀቀ።

በኢትዮጵያ ስሙ የሚገባውን ያህል አልታወቀም። ከዲላ እስከ ጎንደር በየዲኤስቲቪ ቤቱ ሕዝቡን የሚሰበስበው የእንግሊዝ ሊግ ነው፤ በጀርመን የሚጫወት የመስመር ተከላካይ፣ ያውም ላለመውረድ የሚታገል ክለብ ተሰላፊ፣ ለወሬ አይመችም። ስሙን የሰሙት ግን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለዋልያዎቹ ለምን እንዳልተጫወተ መጠየቃቸው አልቀረም። መልሱ ቀላል ነው፦ ተወልዶ ያደገው ቼክ ሪፐብሊክ ነው፣ ለዚያች አገር በአውሮፓ ዋንጫ ከተሰለፈ በኋላም የፊፋ ሕግ ወደ ሌላ ብሔራዊ ቡድን እንዲሻገር አይፈቅድለትም ነበር። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። በተቃራኒው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው የመሐል ተከላካይ ዋሊድ አታ ከስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድን ያለፈ ተሰላፊነት ስላልነበረው በ2014 ለኢትዮጵያ መጫወት ችሏል።

ገብረ ሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ 54 ጊዜ ተሰልፎ 3 ጎል አስቆጥሯል። በ2016ቱ የፈረንሳይ አውሮፓ ዋንጫም ከቡድኑ ጋር ነበር፤ ቡድኑ ግን በአንድ ነጥብ ከምድቡ ተሰናበተ። ከብሬመን በኋላ በ2021 የሊግ ዋንጫ ወዳነሳበት ስሎቫን ሊበሬትስ ተመልሶ የተጫዋችነት ዘመኑን እዚያው ዘጋ።